ልብሱ ያለቀ፣ አጥንቱ የጸና ሽጉጥ

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሽጉጥ ፈቃድ አለኝ። ያገለገለ ሽጉጥ ገዝቼ በራሴ ሐሳብ አሳምሬ ላሠራው እፈልጋለሁ። ሁለት የጣሊያን ቤሬታ 34 አግኝቻለሁ። አንዱ ኒኬል ለብሶ እንደ መስታወት ያበራል፤ ዋጋውም ወደድ ይላል። ሌላው ጥቁረቱ ለቆ ግራጫ ሆኗል፤ የአንድ ጎን እጀታውም ተሰንጥቋል። ዋጋው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ነው። እጀታውን ከአያቴ የቀንድ ዋንጫ ላሠራለት አስቤያለሁ። ቃታውንም ትንሽ ላላ ባስደርገው ደስ ይለኛል። የቱን ልግዛ? ሲገዛስ ምን ይታያል?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን ላስቀድምልህ። ግራጫውን ግዛ። የምልህ ግን ሁለት ነገር ካሟላ ነው። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። አካሉ ላይ ስንጥቅ መኖር የለበትም። የሚያበራውን ተወው። ቃታውን አታስነካ። የአያትህንም ዋንጫ አትቁረጥ። ለምን እንደምልህ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

አሳምሮ ለማሠራት የሚገዛ ሽጉጥ ለሳጥን ከሚገዛ ሽጉጥ ይለያል። ለሳጥን የሚገዛ ሰው ንጹሑን፣ ያልተነካውን ይፈልጋል። አንተ ግን ትለውጠዋለህ። ጥቁረቱ ቢለቅ ይመለሳል። እጀታው ቢሰበር ሌላ ይሠራል። ሞላው ቢደክም ይቀየራል። የማይመለሱ ነገሮች አሉ፤ አካሉ (እጀታው የሚገጠምበት ዋናው ብረት)፣ አፈሙዙ (ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ) እና ቁጥሩ። ገንዘብህን የምትከፍለው ለእነዚህ ነው። እኔ ሁልጊዜ ልብሱ ያለቀ፣ አጥንቱ የጸና ሽጉጥ ፈልግ የምለው ለዚህ ነው። ሳይነካ የቆየ፣ ጥቁረቱም ፊደሉም እንደ ፋብሪካው ያለ ቤሬታ ካገኘህ እንኳ ለዚህ ሥራ አትግዛው። እንደዚያ ያለውን መሞረድ ታሪክ ማበላሸት ነው።

በመጀመሪያ ወረቀቱ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ ያለ ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍም ወንጀል ነው። «ፈቃድ አለኝ» ብለሃል፤ ጎሽ። ግን ፈቃድህን አውጥተህ እንደገና አንብበው። የሚለው ሽጉጥ ነው? ቁጥሩ የተጻፈ መሣሪያ አለበት? ሻጩስ በስሙ ወረቀት አለው? ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ዝውውሩ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱ። «ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ካለህ አመስግነህ ተለየው። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ በእኛ አካባቢ፣ ወረቀት የሌለው መሣሪያ ቤት ውስጥ ማስገባት በቤተሰብ ላይ መፍረድ ነው። አሳማሪው ባለሙያም የጥገና ፈቃድ ያለው ይሁን። ጓሮ ውስጥ በሞረድና በመዶሻ የሚሠራ ሰው እጁ ወርቅ ቢሆን እንኳ ለዚህ አይሆንህም።

ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተደብድቦ ካገኘኸው ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። እንዲህ ያለውን ርካሽ ነው ብለህም፣ ያምራል ብለህም እንዳትነካው።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ። ሻጩ ሽጉጡን ሲሰጥህ «ባዶ ነው» ይልሃል። ሁሉም እንዲህ ይላሉ፤ አብዛኞቹም ከልባቸው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቤት ሽጉጥ እንዳይ ተጠራሁ። ባለቤቱ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከትራስ ሥር አወጡት፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ካርታውን፣ የጥይት መያዣውን ማለቴ ነው፣ ነቅለው ጎናቸው አስቀመጡና «ይኸው ባዶ ነው» ብለው ሰጡኝ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ሥር አዙሬ ተንሸራታቹን ብረት ወደ ኋላ ሳብኩት። አንዲት ጥይት ብቅ አለችና ሰሌኑ ላይ ጠብ አለች። ናሱ አረንጓዴ ሆኗል። ስንት ዓመት ጎርሶ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። የልጅ ልጃቸው በዚያ ትራስ ላይ ነበር የሚተኛው። ሽማግሌው ጥይቷን አንስተው መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ሰዓት አዩዋት። ምንም አላሉም።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይኸውልህ። ካርታውን ንቀል። ተንሸራታቹን ሳብ። ጥይት መጉረሻውን በዓይንህ እይ። ከዚያ ትንሿን ጣትህን ከትተህ ዳስስ። ቤሬታ 34 ካርታው ቢወጣም የጎረሰው ጥይት ይተኮሳል። ካርታ መንቀል ባዶ ማድረግ አይደለም። ሌላም ልንገርህ። ባዶ ካርታ ሲገባበት ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቆማል። የሚያቆመው ግን ራሱ ካርታው ነው። ካርታውን ስትነቅል ብረቱ በኃይል ይዘጋል። ይህን ሳያውቁ ጣታቸው የተቀረጠፈ ሰዎች አይቻለሁ። ክፍት ሆኖ እንዲቆይልህ ከፈለግህ በግራ በኩል ያለችውን መቆለፊያ አዙረህ ተንሸራታቹ ላይ ባለችው ጎድጎድ አስይዛት።

መቆለፊያዋን ካነሳን አይቀር፣ የምትቆልፈው ቃታውን ብቻ ነው። ኋላ ያለውን፣ ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን መምቻ አትይዝም። ይህን በልብህ ያዝ፤ ስለ ቃታው ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ባዶነቱን ካረጋገጥህ በኋላ ጽሑፉን አንብብ። በግራ ጎኑ ተንሸራታቹ ላይ የቤሬታ ስም፣ «9 ኮርቶ» የሚል መጠን፣ 1934 የሚለው የሞዴሉ ዓመትና «ጋርዶኔ» የሚለው የፋብሪካው ከተማ ስም አለ። ኮርቶ በጣሊያንኛ አጭር ማለት ነው። ጋርዶኔ በሰሜን ጣሊያን ያለች የብረት አገር ናት። የቤሬታ ቤት እዚያ አፈሙዝ ይሠራ እንደነበር በፈረንጆቹ ከ1526 ጀምሮ የተጻፈ ማስረጃ አለ። ከጽሑፉ ጎን የተሠራበት ዓመት ይኖራል። እኔ ይችን ቦታ በጣም እወዳታለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ታገኛለህ። አንዱ የፈረንጅ ዓመት ነው፣ 1938 እንበል። ሌላው በሮማ ቁጥር የተጻፈ ነው፣ 16 እንበል። የሮማው ቁጥር ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ ይቆጠራል። 1922 ላይ 16 ስትደምር 1938 ይመጣል። ዓመቱ የሚለወጠው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ በአንድ ሊበልጥ ይችላል፤ 1938 ከ17 ጋርም ይገናኛል። ሁለቱ ቁጥሮች ከዚህ ውጭ ሆነው ካልተገናኙ ግን አንድ ሰው እጁን ሳያስገባ አልቀረም። ከኋላ በኩል አካሉ ላይ ዘውድና ከሥሩ «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ካሉ የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር መሣሪያ ነበር።

ይህ ሽጉጥ እኛ ጋ እንዴት እንደደረሰ አንተም ታውቀዋለህ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ጎጃም ውስጥ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። አርበኞች መሣሪያውን እየደጋገሙ ሲነጥቁት ኖሩ። በ1933 መጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣም ብዙ መሣሪያ በሰው እጅ ቀረ። አያቶቻችን ምንሽሩን፣ አልቢኑን፣ ውጅግራውን፣ ዲሞትፈሩን በስም ለይተው ነበር የሚያውቁት። እኛም ያንን ማስተዋል ልንወርስ ይገባናል። ስም ማወቅ ቀለብ ማወቅ ነው፤ የትኛው ጥይት የትኛውን እንደሚመግብ የሚታወቀው በስሙ ነው።

ቁጥሩን በተንሸራታቹም በአካሉም ላይ አነጻጽር። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ነው። ሜካኒኩ ይሠራ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን ያስቸግርሃል። እኔ አልገዛውም።

ቀጥሎ አፈሙዙ። ሽጉጡ ሳይፈታ አትግዛ። ሻጩ መፍታት ካልቻለ የሚችል ሰው ይዘህ ሂድ። አፈሙዙ ከአካሉ ወጥቶ ለብቻው እጅህ ላይ ይምጣ። አንድ ነጭ ወረቀት መስኮት አጠገብ አስቀምጥና በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ወረቀቱ ተመልከት። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጠርዛቸው ስለታም ሆኖ መታየት አለበት። ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አትደንግጥ። የድሮ ጥይት ቆስቋሹ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ክረምት ሲመጣ ብረት ይበላል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ብረት ጥቂት ጠባሳ ቢኖረው ነውር የለውም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር ነው። አፈሙዙን ቀስ እያልህ ስታዞረው መሃሉ ላይ እንደ ቀለበት የከበበ ጥላ ካየህ ተወው። ያ ማለት አንድ እርሳስ ውስጡ ተሰንቅሮ ቆይቶ ሌላ ከኋላው ተተኩሶበታል፤ ብረቱም አብጧል። ከውጭ በጣትህ ብትዳስሰው አንዳንዴ እብጠቱ ይታወቅሃል። ያበጠ አፈሙዝ አይጠገንም። ከንፈሩንም እይ፣ ጥይቱ የሚወጣበትን ጠርዝ። ወድቆ ከተጣመመ አቅጣጫ ያስታል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ አካሉ። ስንጥቅ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ በተለይ ቅባትና እድፍ ከሞላው። የተማርኩት ዘዴ ቀላል ነው። ጠመኔና ነጭ ጋዝ ይዘህ ሂድ፤ ለፋኖስ የምንጠቀምበትን ማለቴ ነው። የተፈታውን አካል ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እሸው፤ ጥግ ጥጉ እንዲገባ አድርግ። አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እስኪደርቅ ጥረገው። ጠመኔውን ፍቀህ ዱቄቱን በጣትህ ቀባበት፤ ብረቱ ነጭ ይሁን። አሁን ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል። ነጩ ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን፣ የረጠበ ጥቁር መስመር ይሠራል። መጀመሪያ የምታየው ተንሸራታቹ የሚሄድባቸውን ሐዲዶች፣ አፈሙዙ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ፣ የቃታውን ቀዳዳ ዙሪያና ሹል ማዕዘኖቹን ነው። ተንሸራታቹንም እንዲሁ አድርገው፤ ከላይ ሰፊ ክፍተት ስላለው ጎኖቹ ቀጫጭን ናቸው።

ይህን ሳደርግ ሻጮች ይሰለቻሉ። ይሰልቹ። ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። እውነተኛ ሻጭ ራሱም ማወቅ ይፈልጋል። የተሰነጠቀ አካል በብየዳ አይመለስም። ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል። «ተበይዷል፣ ምንም አይልም» ካሉህ አትግዛ።

ኒኬሉን ተወው ያልኩህም ለዚሁ ነው። የንጉሣዊው ጦር ምልክት ያለበት ቤሬታ ኒኬል ለብሶ ከፋብሪካ አልወጣም። አንድ ሰው በኋላ ነው ያስለበጠው። ኒኬል ከመልበሱ በፊት ብረቱ በማሽን ይሞረዳል፤ ያለዚያ አያበራም። ሲሞረድ ጠርዙ ይሟሽሻል፤ ፊደሉ ይሳሳል። ከዚያ ኒኬሉ ከላይ ሲመጣ ዝገት የበላውን ጉድጓድም፣ ስንጥቁንም ይሸፍናል። ጠመኔህ እንኳ አያየውም። ፎቶውን ልከህልኛል። «ጋርዶኔ» የሚለው ቃል ግማሹ ጠፍቷል። የተንሸራታቹ ጠርዝ እንደ ሳሙና ክብ ሆኗል። አንተ የምትከፍለው የሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ መልሰህ ማፍረስ አለብህ። ግራጫው ግን ምንም አልደበቀም። ጉዳቱ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው።

ይህን የምለው አውቄው ነው። ሥራ ስጀምር አንድ ቤሬታ እንዳሳምር ተሰጠኝ። ዝገቱን ለማውጣት ሞተር ላይ በተገጠመ ድንጋይ ፈጨሁት። አበራ። ባለቤቱም ደስ አለው። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ሊያሳድስ ሲሄድ የቁጥሩ ሁለት አሃዝ አልነበብ አለ። ያ ሰው ቁጥሩን ሆን ብሎ እንዳልፋቀ ለማስረዳት ብዙ ተንከራተተ። እኔም አብሬው ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ወደ ሽጉጥ አላስጠጋም። የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልዬ፣ በዘይት፣ በእጅ ነው። ቁጥርና ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ጨርሶ አልነካም።

አሁን ስለ ጥይቱ። እባክህ ይህን ቀስ ብለህ አንብበው። በእኛ አገር «የዘጠኝ ጥይት አለህ?» ይባላል። ዘጠኝ ግን ሦስት ነው። የቤሬታ 34 ዘጠኝ ኮርቶ ነው፤ ቀልሃው 17 ሚሊሜትር ይረዝማል። የሩሲያው ሽጉጥ የማካሮቭ ዘጠኝ 18 ሚሊሜትር ነው፤ እርሳሱም ወፈር ይላል። ሦስተኛው ፓራቤሉም የሚባለው ነው፤ 19 ሚሊሜትር። የፓራቤሉም ግፊት ከኮርቶው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በመዳፍህ ላይ ሦስቱን ብትደረድራቸው የምታየው ልዩነት የአንድ ጥፍር ውፍረት ነው። ሽጉጡ ውስጥ ግን ልዩነቱ የጣት መኖርና አለመኖር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤሬታ 34 ሲተኮስ ተንሸራታቹን የሚቆልፈው ነገር የለም። ጥይቱን ከኋላ ይዞ የሚያቆየው የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ሁለቱን የመዘኑት ለኮርቶ ጥይት ነው። ስለዚህ «ኮርቶ ጥይት ስለማይገኝ ለማካሮቭ እንዲሆን እናስፋልህ» የሚልህ ቶርኖ ሠሪ ቢያጋጥምህ እሺ አትበል። አፈሙዙን ማስፋት ይችል ይሆናል፤ ብረቱን ግን አያከብደውም። ሽጉጡን ከመግዛትህ በፊት ለፈቃድህ የሚሆን ትክክለኛ ጥይት በሕጋዊ መንገድ የምታገኝበት መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለ ይህ ሽጉጥ የምታሳምረውና የምታስቀምጠው እንጂ የምትተኩስበት አይሆንም። ለብዙ ሰው ይህም ይበቃል። ግን ቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

ካርታውንም እይ። 7 ጥይት ይይዛል፤ ከሥሩ ለትንሿ ጣት ማረፊያ የምትሆን ጫፍ አለችው። ከንፈሮቹ ካልተጣመሙ፣ ጎኑ ካልተጨፈለቀ ጥሩ ነው። በፒንሳ የተጠመዘዘ ካርታ ብዙ ጊዜ ጥይት ያንቃል። ሞላውን በቀላሉ ትቀይረዋለህ፤ ስለሱ ዋጋ አትቀንስም አትጨምርም።

ወደ ቃታው እንመለስ። ላላ ባስደርገው ብለሃል። ምኞቱ ይገባኛል፤ የወታደር ሽጉጥ ቃታ ጠንካራ ነው። ቃታ የሚላላው ግን ውስጥ መምቻውን ይዞ የሚያቆየውን ጥርስ በመሞረድ ነው። ጥርሱ ባነሰ ቁጥር የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። መቆለፊያዋ ደግሞ ቃታውን እንጂ መምቻውን አትይዝም ብዬሃለሁ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ቢወድቅ፣ ከበቅሎ ላይ ቢንሸራተት፣ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር ተደርጎ ቢቀመጥ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። እሺ የሚልህ ባለሙያ ካለ ባለሙያ አይደለም። የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ፈትቶ ማጽዳት፣ የሰማንያ ዓመት እድፍ ማውጣት፣ በስሱ መቀባት። ብዙ ጊዜ «ጠንካራ» የተባለው ቃታ የደረቀ ቅባት የያዘው ነው። ከጸዳ በኋላ ራስህ ትደነቃለህ።

ስለዚህ የምታሳምረው ምኑን ነው? ልብሱን። ቀለሙንና እጀታውን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ውበቱ ሁሉ እዚያ ነው።

ለቀለሙ፣ ቀዩን ዝገት በዘይትና በለስላሳ የብረት ሽቦ አስወግድ። ከዚያ ባለሙያው በኬሚካል ያጠቁረው። እኔ የሚያበራ ጥቁር አልወድም። ደብዘዝ ያለው ጥቁር ጠባሳውን ይሸከማል፤ ዕድሜውንም አይዋሽም። በጦርነቱ መጨረሻ የተሠሩት ቤሬታዎች ራሳቸው እንዲህ ሻካራ ነበሩ።

አሁን ቀንዱ። የአያትህን ዋንጫ ለምን አትቁረጥ እንዳልኩህ ልንገርህ። የዋንጫ ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ሠሪው ለመጠጥ እንዲቀል ከውስጥ ፍቆታል። ደግሞ ክብ ነው። እጀታ ጠፍጣፋ ሆኖ አምስት ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ቀጭን ክብ ቀንድ በሙቀት አቅንተህ ብትገጥመው እርጥበት ሲያገኝ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል። በሐምሌ ይነሳል፤ በኅዳር ይሰነጠቃል። ዋንጫውም የለም፣ እጀታውም የለም። ዋንጫው መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ጠላ ሲጠጣ የእሱን ስም የምታነሳበት ይሁን።

በምትኩ የትልቅ ሰንጋ ቀንድ ፈልግ። ሥሩ አካባቢ ወፍራም ነው፤ ከዚያ ነው የሚቆረጠው። የደረቀ ይሁን፤ ከታረደ ወራት ያለፈው። የአሮጌውን እጀታ ቅርጽ ወረቀት ላይ ገልብጥ። የቤሬታው እጀታ ከኋላው ስስ የብረት ላሜራ አለው። እሱን አትጣለው። ቀንዱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ እንዳይጣመምም ይይዘዋል። ከውስጥ በኩል ወፍሮ ከተተወ ካርታውን ያንቀዋል፤ ስለዚህ በየደረጃው ካርታውን እያስገባህ ሞክር። ካርታው በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ሲወጣ ልክ ነው። የብሎኑን ቀዳዳ በጣም አታጥብበው፤ ቀንድ ይነፋል፣ ይሸበሸባል፤ ትንሽ መተንፈሻ ይፈልጋል። ሲሞረድ የሚወጣው ዱቄት ሳንባ ይጎዳል፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ ከቤት ውጭ ሥራው። ቀንድ ካልተገኘ ወይራ በጣም ጥሩ ነው። ይጠነክራል፣ ያምራል፣ እጅ ሲነካው ይበልጥ ያበራል። ዋንዛ ግን ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ አልመርጠውም።

የቆዳ አፎት ማሠራትህ እንደማይቀር አውቃለሁ። አሠራ፤ ግን ሽጉጡን በውስጡ አታሳድረው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ነገር እርጥበት ይስባል፤ ብረት ያዝጋል። ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ማስቀመጫው የሚቆለፍ ብረት ሳጥን ነው፤ ጥይቱም ለብቻው፣ ቁልፉም ልጅ የማይደርስበት።

ከሁለቱ ቤሬታ ሌላ ካጋጠመህ ባጭሩ ልበልህ። ማካሮቭ ዕቃው ብዙ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። እጀታው ግን አንድ ወጥ ሆኖ ኋላውን የሚያቅፍ ስለሆነ ከቀንድ መሥራት ይከብዳል። ሌላው የሩሲያ ሽጉጥ ቶካሮቭ የእጅ መቆለፊያ ሳይኖረው የተሠራ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም። የስፔኑ ስታር የአሜሪካኑን ኮልት ሽጉጥ ይመስላል፤ «የኮልት ዕቃ ይገባበታል» ይሉሃል። አይገባም። የስታር ፋብሪካም በ1997 በፈረንጆቹ ተዘግቷል። ያገኘኸው ስታር ሙሉ ካልሆነ እለፈው።

ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘሃል ብለሃል። ይዘህ የምትሄደው ነጭ ወረቀት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ በትንሽ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ፣ ሁለት ንጹሕ ጨርቅና የፈቃድህን ወረቀት ነው። ገንዘቡን ቤት ተወው። ግራጫው ጠመኔውን ካለፈ ሰኞ ጠዋት ከሻጩ ጋር ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተገናኙ፤ ገንዘቡ እዚያ ይከፈል። ቀንዱን ግን ከአሁኑ ፈልገህ ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል ስቀለው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ጥር ሲመጣ ለመጋዝ ይደርሳል።